በደጋው ቤት ስለ ልጆች የአመጋገብ ትምህርት፤ ከመሶብ ሥርዓት እስከ ፋፋ

መግቢያ

በሀገራችን ስለ ሕፃናት አመጋገብ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው የጤና ባለሙያዎች የዱቄት ከረጢትና የግድግዳ ሥዕል ይዘው ወደ መንደር ከወጡበት ዘመን ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ስለ መብል ለልጅ የሚሰጥ ትምህርት ያልነበረ ሊመስለው ይችላል። ነገሩን በጥቂቱ የመረመረ ግን ተቃራኒውን ያገኛል። አባትና እናት ልጃቸውን አጥብቀው ከሚያስተምሩት ነገር አንዱ የመብል ሥርዓት ነበር፤ በዚህ ያልታረመ ልጅ በወላጆቹ ላይ ስድብ ያመጣ ነበርና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ጥያቄዎችን መመርመር ነው። አንደኛው፣ በደጋው ቤት ልጅ ስለ ምግብ የሚማረው ምን ነበር? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመጣው የሥነ ምግብ ትምህርት ከዚህ ከቀደመው ትምህርት ጋር እንዴት ተገናኘ? የሚል ነው። የምንደርስበትን ሐሳብ አስቀድመን ብንገልጽ ለአንባቢ ይቀላል። የደጋው ቤት ለልጅ ዕድገት የሚበጀውን እህልና ጥራጥሬ ከነአሠራሩ ያውቅ ነበር፤ ጕድለቱ የነበረው በልጁ ተራና ድርሻ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ አዲስ ምግብ ብቻ የተናገረ ትምህርት ጥቂት ፍሬ አፈራ፤ የልጁን ቦታ በመሶቡ ዙሪያ ያነሣ ትምህርት ደግሞ እስከ ዛሬ በበቂ አልተሰጠም።

ጥናቱ የሚመለከተው በተለይ የማዕከላዊውንና የሰሜኑን ደጋ፣ ማለትም ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴና ጥራጥሬ የሚበላበትን አገር ነው። እንሰት የሚበላባቸው የደቡብ አገሮችና የቆላው አርብቶ አደር የየራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው ለብቻቸው ሊጠኑ ይገባል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩ የመሶቡ ትምህርት

በደጋው ቤት የምግብ ትምህርት የሚጀምረው ከመብላት በፊት ነው። ልጁ ማስታጠቢያ አንሥቶ መቆም ሲችል የእጅ ውሃ እንዲያፈስ ይታዘዛል። ከትልቁ ጀምሮ በዕድሜና በክብር ተራ ያስታጥባል፤ እያንዳንዱም ሰው እጁን ታጥቦ ሲያበቃ «እደግ» ብሎ ይመርቀዋል፤ ሴት ልጅ ብትሆን «እደጊ» ትባላለች። ማዕዱ ከተባረከ በኋላ ልጁ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል፤ ሲመሽም ኩራዙን ወይም ጧፉን ይይዛል። በብዙ ቤት አባወራውና እንግዶቹ አስቀድመው ይበላሉ፤ እናትና ልጆች ከዚያ በኋላ ይቀርባሉ።

ልጁ ወደ መሶቡ ሲቀርብ የሚጠብቀው ሕግ ብዙ ነው። ከፊት ለፊቱ ካለው እንጂ ከሌላው ፊት አይቈርስም። ጉርሻውን አያገዝፍም፤ ጣቱን አይልስም፤ የሰው እጅ እየተከተለ አያይም። ታላላቆቹ ሳይነሡ አይነሣም፤ ሲበላም አያወራም። ወደ ሰው ቤት ከሄደ ደግሞ ቢርበውም «ጠግቤአለሁ» ማለት ይገባዋል፤ የሚበላው አጥብቀው ሲለምኑት ነው። ይህን የጣሰ ልጅ ስግብግብ፣ ሆዳም ወይም ቀላዋጭ ይባላል። ከሁሉ የከፋው ግን «አሳዳጊ የበደለው» መባሉ ነው፤ ይህ ቃል ስሙ ለልጁ ቢሆንም ስድቡ ለወላጆቹ ነውና። የቡዳ ዐይን ፍርሃትም ተጨምሮበት፣ ልጅ በማያውቁት ሰው ፊት እንዳይበላ ይከለከል ነበር።

ዶናልድ ሌቪን በ1965 «ሰምና ወርቅ» በሚል ስም በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፉ ስለ አማራው ገበሬ ልጅ አስተዳደግ ሲጽፍ፣ ታዛዥነት የአስተዳደጉ ዋና ግብ መሆኑን አመልክቷል። የመሶቡ ሥርዓት የዚህ ታዛዥነት የዕለት ልምምድ ነበር ብንል አንሳሳትም። ሥርዓቱን ጭካኔ ብሎ መጥራት ግን ተገቢ አይሆንም። ክረምት ሲገባና ጎተራው ሲጎድል፣ ወይም ሳይታሰብ እንግዳ በመጣ ጊዜ፣ ቤቱን ከኀፍረት የሚያድነው ራሱን መግታት የለመደ ልጅ ነው። ጨዋነት ማለት በዚህ ቤት አስቀድሞ ረኃብን መቻል ማለት ነበር።

ከዚህ ጥብቅ ሕግ ውጭ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጉርሻ ነው። አባት፣ እናት ወይም እንግዳ ከወጡ መልካሙን ጠቅልሎ ለልጁ ያጐርሰዋል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ስለሚባልም ቢያንስ ይደገማል። ሥጋም ሆነ እንቍላል ወደ ልጁ አፍ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነበር። ዶሮ በታረደ ጊዜ ብልቶቹ በማዕርግ ይከፋፈላሉ፤ ፈረሰኛው የአባወራው ነው፤ ሥጋ የበዛባቸው ብልቶች ለታላላቆች ይሄዳሉ። ለልጆች የሚደርሰው ያነሰው ብልት፣ መረቅ የጠጣው እንጀራና ጉርሻው ነው። እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጉርሻ የፍቅር ስጦታ መሆኑ ነው። ስጦታ ደግሞ ሊሰጥም ሊቀርም ይችላል፤ ድርሻ ግን አይቀርም። በደጋው መሶብ ልጁ ስጦታ ነበረው፤ ድርሻ ግን አልነበረውም።

፪ ከጡት እስከ መሶብ

የሥርዓቱ ጕዳት የሚታየው በትልልቆቹ ልጆች ላይ ሳይሆን ከጡት በወረደው ሕፃን ላይ ነው። ስለዚህ የሕፃኑን መንገድ ከልደቱ ጀምሮ መከተል ያስፈልጋል።

ሕፃን እንደ ተወለደ ቅቤ ማላስ የቆየ ልማድ ነበር። የእናቲቱ የመጀመሪያ ወተት፣ ማለትም እንገሩ፣ በብዙ ቦታ እንደማይበጅ ተቈጥሮ ይታለብና ይደፋ ነበር። ዛሬ የሕክምና ጥበብ እንገር በሽታን የሚከላከል መሆኑን ስላረጋገጠ፣ ይህ ልማድ ሕፃኑን ከመጀመሪያ ጋሻው የሚለይ መሆኑን እናውቃለን። በሌላ በኩል ለአራሷ የሚደረገው እንክብካቤ ሊመሰገን ይገባዋል። የገብሱ ገንፎ ከነቅቤው፣ አጥሚቱና የአብሹ መጠጥ ለእርሷ ይዘጋጃል፤ የቤቱ ምርጥ ምግብ በአራስነቷ ወራት ለሴቲቱ ይሰጣል። ለእናትና ለልጅ ልዩ ድርሻ መስጠት በዚህ ባህል ፈጽሞ የማይታወቅ ነገር አልነበረም ማለት ነው። የተወሰነው ግን ለጥቂት ሳምንታት ነው።

ሕፃኑ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ወይም እናቱ ሌላ እስክትፀንስ ድረስ ይጠባል። ይህም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከስድስት ወር በኋላ የጡት ወተት ብቻውን አይበቃውም፤ ተጨማሪ ምግብም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይጀመራል። ሲጀመርም የአብሽ ውሃ፣ ቀጭን አጥሚት፣ ካለም የላም ወተት ነው። ቀጭኑ አጥሚት የሕፃኑን ትንሽ ሆድ በውሃ ይሞላዋል፤ ዕድገት የሚሆነው ነገር ግን በውስጡ ጥቂት ነው። ከዚያም ጡቱ ላይ እሬት ተቀብቶ ሕፃኑ ጡት እንዲጥል ይደረጋል፤ በማግስቱም ከታላላቆቹ ጋር ወደ ገበታ ይቀርባል።

በዚህ ጊዜ የመሶቡ ሕግ ይፈርድበታል። እጁ አጭር ነው፤ ከፊቱ ካለው በቀር አይደርስም። ወጡ በበርበሬ የነደደ ስለሆነ ደረቁን እንጀራ ወይም በጥቂት መረቅ የራሰውን ይበላል፤ የምስሩና የአተሩ ፍሬ ለታላላቆቹ ይቀራል። እነርሱ ቀድመው ይጠግባሉ፤ እርሱ ግን ትንሽ በልቶ ይደክመውና ይተወዋል። ትልቅ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ በልቶ ሊውል ይችላል፤ የሁለት ዓመት ሕፃን ግን ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መብላት አለበት። «እደግ» ተብሎ የሚመረቅበት ዕድሜ ላይ ሳይደርስ ዕድገቱ ይዘገያል ማለት ነው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አልነበረም። ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉት ሐኪም በ1930ዎቹ ዓመታት በጎልድ ኮስት፣ ማለትም በዛሬይቱ ጋና፣ ሲሠሩ ያዩትን የሕፃናት በሽታ በአገሬው በጋ ቋንቋ ኳሺዮርኮር ብለው ለሕክምናው ዓለም አሳውቀዋል። የቃሉ ትርጉም ተከታዩ ልጅ ሲወለድ ከቦታው የወረደውን ሕፃን የሚይዝ በሽታ የሚል ነው። የጋ እናቶች ሐኪሞቹ ከመድረሳቸው በፊት የበሽታውን ምክንያት በስሙ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር።

፫ ጾምና ልጆች

በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት ልጅ ስለ ምግብ የሚማረው ሁለተኛው ትልቅ ትምህርት ጾም ነው። ረቡዕንና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚሆነውን ዐቢይ ጾም፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትንና የቀሩትን ጨምሮ ምእመኑ የሚጾማቸው ቀኖች በዓመት 180 ያህል ይሆናሉ። ሕፃናት እስከ ሰባት ዓመት ድረስ ጾም አይገደዱም። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰዓት በመቈየት ይለማመዳሉ፤ በነሐሴ የሚጾመውን የ15 ቀን ፍልሰታ ደግሞ ልጆች በልዩ ደስታ ይጾሙታል፤ ይቈርቡበታልም። በእስላም ቤትም እንዲሁ የረመዳን ጾም ግዴታ የሚሆነው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲደረስ ነው፤ ልጆች ግን ከዚያ በፊት በጥቂት በጥቂቱ ይለማመዳሉ።

ጾም ለቤቱ የሰጠው ጥቅም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቍላል የማይበላባቸው ቀኖች የዓመቱን ግማሽ ያህል ስለ ሆኑ፣ የደጋው እናት ከሽምብራ፣ ከምስር፣ ከአተር፣ ከባቄላ፣ ከተልባና ከሱፍ የሚሠራውን ምግብ እጅግ አበልጽጋዋለች። ሽሮና ክክ ወጥ ከእንጀራ ጋር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሞላል። እህል ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ሲያንሰው ጥራጥሬ ግን ይበዛለታል፤ ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜቲዮኒን ደግሞ እህሉ ይሰጣል። እናቶች እነዚህን ስሞች ሳይሰሙ ጥምሩን በየቀኑ ያቀርቡ ነበር።

ጕዳቱስ ምንድር ነው? ካርል ኤሪክ ክኑትሰንና ሩት ሴሊኑስ በ1970 ስለ ኢትዮጵያ ጾም አንድ ጥናት አሳትመዋል፤ ከዚያ ወዲህም ሌሎች ጥናቶች ተደርገዋል። ከእነዚህ የምንረዳው፣ ሕጉ ሕፃኑን ነፃ ቢያደርገውም ማድቤቱ ነፃ እንዳላደረገው ነው። በጾም ወራት ለአንድ ሕፃን ብቻ ወተት ማፍላት ወይም እንቍላል መቀቀል ድስቱን ያስገድፋል ተብሎ ይፈራል፤ ለብቻው የሚሆን ዕቃና ማገዶም ይጠይቃል። ስለዚህ የሁለት ዓመቱ ሕፃን ሳይታዘዝ ይጾማል። ሕፃኑን የጐዳው የጾሙ ሕግ አይደለም ማለት ነው፤ ጕዳቱ የመጣው ሕጉ ለእርሱ የተወው ፈቃድ በሥራ ላይ ስላልዋለ ነው። ስለ ሕፃናት ምግብ የሚያስተምር ሰው ከካህኑ ጋር ተማክሮ ይህን ፈቃድ ቢያስታውስ፣ ባህሉን ሳይነካ ብዙ ሊሠራ ይችላል።

፬ የ1958ቱ ምርመራና የፋፋ ዘመን

የኢትዮጵያን ሕዝብ አመጋገብ በሰፊው የመረመረው የመጀመሪያው ጥናት በ1958 የተደረገው ነው። ጥናቱን የመራው የአሜሪካ መንግሥት ስለ ሀገር መከላከያ ሥነ ምግብ ያቋቋመው የመሥሪያ ቤቶች የጋራ ኮሚቴ ሲሆን፣ ውጤቱ በ1959 ታትሟል። ከስሙ እንደሚታየው አንዱ ዓላማው የወታደሩ ጤንነት ነበር፤ ሆኖም ተራውን ሕዝብም መርምሯል። እንቅርትና የቪታሚን ኤ ማነስ ከተገለጹት ችግሮች መካከል ነበሩ። በሌላ በኩል ብረት በምግቡ ውስጥ እጅግ በዝቶ ተገኘ። ይህን ነገር በኋላ የስዊድኑ ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር በ1968 ባሳተሙት ጥናት አብራርተውታል፤ አብዛኛው ብረት ጤፉ በአውድማ በበሬ ሲወቃ ከሚቀላቀለው አፈር የሚመጣ ነው።

ለሕፃናት ጉዳይ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በየመንደሩ ልጆችን እየመዘነና የቤቱን ምግብ እየመረመረ፣ የሥነ ምግብ አስተማሪዎችንም እያሠለጠነ ሠራ። በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ በ1990ዎቹም ከሌሎች የጤና ምርምር ተቋማት ጋር ተዋሐደ። ሥራው ዛሬ የሚገኘው በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው።

በ1960ዎቹ ከክፍሉ የወጣው ታዋቂ ሥራ ፋፋ ነው። ስሙ በአማርኛ የልጅን መድለብና መለምለም የሚያመለክት ቃል ነው። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ቅባቱ የወጣለት አኩሪ አተር፣ የዱቄት ወተት፣ ስኳርና ጨው፣ ከቪታሚንና ከማዕድን ጋር ተመጥነው ይፈጩና በጥቅል ይሸጡ ነበር። የአዘገጃጀቱን ሐሳብ ስንመለከት ከደጋው ማድቤት ሩቅ አይደለም። እህልና ጥራጥሬን ማጣመሩ የእንጀራና የሽሮ ጥምር ነው፤ በገንፎ መልክ መቅረቡም የአራሷን ገንፎ ያስታውሳል። አዲሱ ነገር ሌላ ነበር። የፋፋው ገንፎ የሚቀርበው ለሕፃኑ ብቻ ነው፤ በርበሬ የለበትም፤ ታላላቅ ወንድሞቹ አይሻሙትም፤ ተራም አይጠበቅበትም። ለአራሷ ለጥቂት ሳምንታት ይሰጥ የነበረው የተለየ ድርሻ ለሕፃኑ ተሰጠው ማለት ነው። እንደ እኛ አስተያየት የፋፋ ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር።

ነገር ግን ትምህርቱ በዚህ መልኩ አልተነበበም። ብዙ ሰው የተረዳው፣ ልጅን የሚያሳድገው በፋብሪካ የተሠራው ዱቄት መሆኑን ነው። ዱቄቱ በተለይ በከተማ ተሸጠ፤ በ1973 እና 1974 የወሎ ረኃብና ከዚያም በኋላ በእርዳታ ተከፋፈለ። ገንዘብ የሌላት የገጠር እናት ግን ጥቅሉን ልትገዛ አልቻለችም። አስተማሪዎቹ ይህን ተመልክተው ሁለት ወይም ሦስት እጅ እህልና አንድ እጅ ጥራጥሬ ቈልታ፣ አስፈጭታ በቤቷ ምጥን እንድታዘጋጅ ማስተማራቸው የተሻለው መንገድ ነበር።

፭ ትምህርቱ ለማን ተሰጠ?

ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡ፤ ቍጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ከሚያስተምሩት አንዱ የሕፃናት አመጋገብ ነው። በ2015 ደግሞ መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን በተባለው ውሳኔ፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት ቃል ገባ። የድካሙ ፍሬ በቍጥር ይታያል። በብሔራዊው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት መካከል በ2000 ከመቶ 58 የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 38 ወርዷል። ይኸው የ2016 ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል በዓይነቱም በጊዜውም ተገቢውን ዝቅተኛ ምግብ ያገኙት ከመቶ 7 ብቻ እንደ ነበሩ ያሳያል። ሁለቱን ቍጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ስናያቸው፣ ሌላው ኑሮ ሲሻሻል የሕፃኑ ገበታ ወደ ኋላ እንደ ቀረ እንረዳለን።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ትምህርቱ ለእናት ብቻ መነገሩ ይመስለናል። እንቍላሉ ወደ ገበያ ሄዶ ጨውና ጋዝ ይገዛበት ወይስ ለሕፃኑ ይቀቀል የሚለውን፣ ላሟ ስትታለብ ወተቱ ይናጥ ወይስ ይጠጣ የሚለውን እናት ብቻዋን አትወስንም። አባት፣ አያትና አማት በነገሩ አሉበት። የመሶቡን ተራ የሚጠብቁትም እነርሱ ናቸው። «ለልጅዎ እንቍላል ይስጡ» የተባለችው ሴት መልካሙን ነገር ሰምታ ትመለሳለች፤ በቤቷ የሚጠብቃት ሥርዓት ግን ያው የቀድሞው ነው።

ሁለተኛው የተረሳ ወገን ከዐሥር ዓመት በላይ ያሉት ልጆች ናቸው። በዚህ ዕድሜ ሴቷ ልጅ ወጡን ትሠራለች፣ ታቀርባለች፣ ከሁሉ በኋላም ትበላለች፤ የወር አበባዋ የሚጀምረውና አጥንቷ የሚረዝመውም በዚሁ ጊዜ ነው። ነገ የምትወልደው ልጅ ክብደት በዛሬው ድርሻዋ ይወሰናል። በከተማ ደግሞ ሌላ ችግር መጥቷል። የትምህርት ቤት ልጅ በኪሱ ቆሎ መያዝ ትቶ ብስኩት፣ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ይገዛል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ሴቶች መካከል ከመጠን በላይ የወፈሩት በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ግን 8 ሆነዋል። የገብስና የሽምብራ ቆሎ ከብስኩቱ የሚበልጥ ምግብ መሆኑን ለመናገር ብዙ ምርምር አያስፈልግም፤ ነገር ግን ቆሎ የድኻና የቆሎ ተማሪ መብል ነው የሚለውን ንቀት ከልጁ ልብ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህም የሚቻለው አባቱ ራሱ በልጁ ፊት ቆሎውን ሲቈረጥም ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፣ የደጋው ቤት ስለ መብል ለልጁ ብርቱ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ንጽሕናን፣ ትዕግሥትን፣ ለታላቅ ክብር መስጠትንና ለእንግዳ መትረፍን አስተምሯል። ከእነዚህ መካከል ሊጠፋ የሚገባው የለም። የእጅ መታጠቡ ሥርዓት ብቻ እንኳ ሐኪሞች ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚሰብኩት ነገር ነው። ጥራጥሬን ከእህል አጣምሮ መብላቱም እንዲሁ ሌላው ዓለም ዘግይቶ ያመሰገነው ጥበብ ነው።

ሊለወጥ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የሕፃኑ ተራ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ትዕግሥት የሚማርበት ዕድሜ ገና አልደረሰም። ለእርሱ ከበርበሬው በፊት ከአልጫው ወይም ከክኩ ተቀንሶ በራሱ ሳሕን ይቅረብለት፤ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤና የተከተፈ ጎመን ይጨመርበት፤ ቀኑ የጾም ቢሆንም ቤቱ ያለውን እንቍላል ወይም ወተት አይከልክለው። ይህን ለማድረግ አዲስ እህል ማስመጣት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ለአራሷ የተደረገው ልዩ ድርሻ ከሳምንታት ወደ ሁለት ዓመት እንዲራዘም፣ አባወራውም ፈረሰኛውን ከማንሣቱ በፊት የሕፃኑን ሳሕን እንዲያይ ነው።

ይህን ጉዳይ ለማጥናት ለሚነሡ ተማሪዎች አንድ አሳብ እናቀርባለን። በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንመለስ፣ በየቤቱ ምን እንደሚበላ ከመጠየቃችን በፊት ማን ከማን በኋላ እንደሚበላና ሕፃኑ ምን ያህል እንደሚደርሰው እንመልከት፤ እንመዝግብም። ብዙ የተጻፈው ስለ ምግቡ ነው፤ ስለ ተራው የተጻፈው ጥቂት ነው። እጃችንን የሚያስታጥበንን ልጅ «እደግ» ብለን ስንመርቀው፣ ምርቃቱ የሚፈጸመው ከመሶቡ በሚደርሰው ድርሻ መሆኑን ማወቅ ይገባናል።